የጻፍነውን መልሱልን፤ ማሽኑ ለእናንተ ይሁን

ሰሞኑን አንድ ትልቅ የኦንላይን ልቦለድ መድረክ ለደራሲዎቹ የላከውን ማስታወቂያ አንብባችኋል ብዬ እገምታለሁ። ላላነበበ ጭብጡ ይህ ነው፦ የፋንታሲ ጨዋታ መጻሕፍትን፣ ማለትም አንባቢው ከተሰጡት ምርጫዎች አንዱን እየመረጠ ወደሚያደርሰው አንቀጽ የሚሄድባቸውን ታሪኮች፣ አንቀጽ ከአንቀጽ እያያያዝን የምንሠራበት ማዘጋጃ ይዘጋል። ሥራችንን በፋይል አውርደን የምናስቀምጥበት ቁልፍ ከወዲሁ ተነሥቷል። በምትኩ አንባቢው ያሻውን እየጻፈ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ታሪኩን እዚያው በዚያው እየፈጠረ የሚቀጥልበት አገልግሎት ይከፈታል። ምክንያቱም፣ ይሉናል፣ ሁለትና ሦስት ምርጫ ብቻ መስጠት የወረቀት ዘመን ቅሪት ነው፤ የዛሬ አንባቢ ገደብ የሌለው ምርጫ ይገባዋል።

ድርጅቱ ያላዋጣውን ነገር መዝጋት መብቱ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ሙያችንን ሰድቦ መዝጋቱ ግን ምን የሚሉት ነው? ማስታወቂያውን ያረቀቀው ሰው የጨዋታ መጽሐፍ ጽፎ እንደማያውቅ፣ ምናልባትም አንዱን እስከ መጨረሻው ተጫውቶ እንደማያውቅ ከእያንዳንዱ መስመር ይታያል።

ከወረቀቱ ልጀምር፤ ለመጣል ቀላሉ እሱ ነውና። ስቲቭ ጃክሰንና ኢያን ሊቪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት «ዘ ዋርሎክ ኦፍ ፋየርቶፕ ማውንቴን» 400 አንቀጾች ነበሩት። ኪስ ውስጥ የሚገባ መጽሐፍ ከዚያ በላይ ብዙም አይሸከምም፤ ይሁን። ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ክሪስ ክሊማስ ትዋይን የተባለውን እንዲህ ያለ ታሪክ መሥሪያ ፕሮግራም ካወጣ ወዲህ ወረቀት የሚባል ሰበብ የለም። ትዋይን በነፃ ይገኛል። የሚቀጥለውን አንቀጽ ስም በድርብ ካሬ ቅንፍ [[ ]] ውስጥ ስትጽፉት ሊንክ ይሆናል፤ ሲያልቅ መላው መጽሐፍ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ሆኖ ይወጣና በማንኛውም ብሮውዘር ይከፈታል። አሥር ሺህ አንቀጽ ልጻፍ ያለን ሰው የሚከለክለው የለም። ታዲያ እዚያ የሚጽፉት ሰዎች ዛሬም ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ምርጫ ሰጥተው የሚያቆሙት ለምንድን ነው? ኢንክል የተባለው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2016 ኮዱን ለሁሉም የከፈተው ኢንክ የተባለ የአጻጻፍ ቋንቋስ፣ የተበተኑ ቅርንጫፎችን መልሶ ለመሰብሰብ የራሱ ምልክት ያለው ለምንድን ነው? ገደቡ የወረቀት ቢሆን ኖሮ ከወረቀቱ ጋር በሞተ ነበር። አልሞተም።

ሒሳቡን አንድ ጊዜ መሥራት ይበቃ ነበር። እያንዳንዱ አንቀጽ ሁለት ምርጫ ይስጥ፤ ቅርንጫፎቹም ዳግም አይገናኙ እንበል። ከአሥረኛው ምርጫ በኋላ 1,024 የተለያዩ መድረሻዎች ይኖራሉ፤ ከሃያኛው በኋላ 1,048,576። አንድ ጊዜ ተጫውቶ የሚነሣ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያየው ሃያ አንድ አንቀጽ ነው። ስለዚህ ጸሐፊ የሆነ ሁሉ ይበትናል፣ ይሰበስባል፣ እንደገና ይበትናል። ማስታወቂያውን ደግፈው የጻፉ አንዳንዶች ይህን ማጭበርበር ብለውታል፤ በየትም ብትሄድ ዞሮ ዞሮ ያው ድልድይ ላይ ነው የምትደርሰው ሲሉ። አዎ፣ ያው ድልድይ ነው። የምደርሰው ግን ማን ሆኜ ነው? መንገድ መሪውን ከወጥመድ አውጥቼው አብሮኝ ከመጣ፣ የድልድዩ ጠባቂ ስሜን ይጠይቀኛል። ጥዬው ከመጣሁ ስለ እሱ ይጠይቀኛል። ጸሐፊው ያንን አንድ ነገር መዝግቦ አቆይቶታል፤ መቼ እንደሚያወጣውም ያውቃል። ከወጥመዱ እስከ ድልድዩ ሠላሳ አንቀጽ ሊኖር ይችላል፤ እኔ ረስቼዋለሁ፤ መጽሐፉ ግን አልረሳም። ይህን ማጭበርበር የሚል ሰው ልቦለድ ራሱ ምን መሰለው?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ብናገር አትፍረዱብኝ። ምርጫን ምርጫ የሚያደርገው፣ ከበሩ ጀርባ ያለው ነገር እኔ እጀታውን ከመንካቴ በፊት እዚያ መኖሩ ነው። በግራ የደረቀ የውሃ ጉድጓድ አለ፤ በቀኝ ብርሃን የሚታይበት ዋሻ። ቆሜ አስባለሁ። የማስበው ለምንድን ነው? አንድ ሰው ከእኔ በፊት እዚህ ቆሞ ስላሰበ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የነሐስ ቁልፍ አስቀምጧል፣ ወይም አላስቀመጠም። ዋሻው ውስጥ ያለው ብርሃን የሰው ነው፣ ወይም የሰው አይደለም። እኔ ልሳሳት የምችለው እውነቱ አስቀድሞ ስለተወሰነ ነው፤ ልክ ስሆን የምኮራውም በዚያው ምክንያት ነው። ማሽኑ ጋ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ምንም የለም። እስክጠይቅ ድረስ ጉድጓዱ ራሱ የለም። ስጠይቅ፣ ጥያቄዬ ውስጥ ያለውን ፍላጎት አሽትቶ ደስ የሚለኝን ይሰጠኛል። ቁልፍ አገኛለሁ ካልኩ ቁልፍ አለ። ይህ የፈቀድኩትን ሁሉ «እሺ ጌታዬ» የሚል አሽከር እንጂ ጀብዱ አይደለም።

የድሮዎቹ ጸሐፊዎች ይህን ምን ያህል ጠንቅቀው እንደሚያውቁ ለማየት የቁልፍ ዘዴያቸውን መመልከት በቂ ነው። ቁልፉ ላይ ቁጥር ይቀረጻል፤ 57 እንበል። ከብዙ አንቀጽ በኋላ ተጫዋቹ የተቆለፈ በር ላይ ሲደርስ መጽሐፉ «ቁልፍ አለህ ወይ?» ብሎ እንኳ አይጠይቀውም። በቁልፉ ላይ ያለውን ቁጥር አሁን ካለህበት አንቀጽ ቁጥር ጋር ደምረህ ወደዚያ ሂድ ይለዋል። ቁልፉን ያላገኘ ሰው ሊዋሽ እንኳ አይችልም፤ የሚሄድበትን አያውቅማ። ያለ ምንም ኮምፒውተር፣ በአንድ የመደመር ስሌት ብቻ፣ መጽሐፉ የአንባቢውን ያለፈ ታሪክ አስታወሰ። ጣቱን በቀድሞው ገጽ ሸጉጦ ውጤቱን እያየ የሚመለስ አንባቢ ሁሌም ነበር፤ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። ያ አንባቢ የሚሰርቀው ነገር ስላለ ነው የሚሰርቀው። ገደብ በሌለው ታሪክ ውስጥ ግን ምኑን ሰርቆ ምኑን ይመለስበታል?

ፍልሚያውን የሚወስነው ዳይስም እንዲሁ ነው። «ዘ ዋርሎክ ኦፍ ፋየርቶፕ ማውንቴን» በጀመረው «ፋይቲንግ ፋንታሲ» በተባለው ተከታታይ መጽሐፍ ሥርዓት የጀግናው የፍልሚያ ችሎታ የሚወሰነው አንድ ዳይስ ተጥሎ 6 ሲደመርበት ነው፤ ከ7 እስከ 12 ይሆናል። በየዙሩ ጀግናውም ጭራቁም ሁለት ሁለት ዳይስ ጥለው ችሎታቸውን ይደምሩበታል፤ ድምሩ ያነሰው ከጽናቱ፣ ማለትም ከሕይወት ነጥቡ፣ 2 ያጣል። ልጅ የሚገባው ሕግ ነው። አስሉት ግን፦ ጀግናው 8፣ ጭራቁ 10 ቢሆን ጀግናው ከመቶ ዙር በአማካይ 24ቱን ያሸንፋል፣ 66ቱን ይሸነፋል፣ በቀረው አቻ ይወጣሉ። በሁለት ነጥብ ልዩነት! ጎበዝ ጸሐፊ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ባለ 10 ጭራቁን ዋናው መንገድ ላይ አይገትረውም፤ ወይ መሹለኪያ ያበጅለታል፣ ወይ ከሦስት አንቀጽ በፊት የተሻለ ሰይፍ ያስቀምጣል፤ ወይ ደግሞ አውቆ ይገትረውና «እዚህ የመጣኸው ሳትዘጋጅ ነው» ይለናል። መጥፎ ጸሐፊ ያለ ምንም ፍንጭ ወደ ግራ ስለታጠፍን ብቻ ይገድለናል። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ አልክድም። ነገር ግን መጥፎነታቸውን በጣት ማሳየት ይቻላል፦ ይኸው፣ ይህ አንቀጽ ፍትሐዊ አይደለም፣ አርመው። ጸሐፊውም ያርማል። በቅጽበት ተፈጥሮ በቅጽበት ለጠፋ ትዕይንት ተጠያቂው ማን ነው?

ማሽኖቹ ተሻሽለዋል፣ አሁን ብዙ ያስታውሳሉ፣ የሞተ ገጸ ባሕርይ ተነሥቶ አያወራም ይሉኛል። ያስታውሱ። እኔ የምለው ሌላ ነው። የተፈጸመውን ሁሉ በትክክል የሚያስታውስ፣ ነገር ግን ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ተራኪ፣ ትዝታው ቢረዝም ምን ይፈይዳል? ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ገበያውን በሙሉ ቤቷ ድረስ አምጥተው «ተጫወችበት» አሏት።

ደግሞ ስለ ማጋራት ነው የምናወራው አይደል? መድረኩ የተቋቋመው ሰዎች የጻፉትን እንዲያጋሩ ነበር። ሁለት ሰዎች አንድ የጨዋታ መጽሐፍ ተጫውተው ሲገናኙ የሚሆነውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንዱ ጀልባዋን ሰርቆ ሄዷል፤ ሌላው ከጀልባዋ ባለቤት ጋር ተስማምቷል። አንዱ አሮጊቷ ጠንቋይ ናት ብሎ ይምላል፤ ሌላው የንጉሡ እናት መሆኗን ደርሶበታል። ካርታ ይሥላሉ፤ ካርታቸውን ያስተያያሉ፤ ማንም ያልደረሰበት አንቀጽ እንዳለ ይጠረጥራሉ፤ አንዱ ሌሊቱን ሲፈልግ ያድራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሁለቱም የገቡት እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ስለሆነ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚፈጠር ታሪክ ላይ እንዲህ ያለ ክርክር አይነሣም። «እኔ ጋ ዘንዶው ተናገረ»፤ «እኔ ጋ ዘንዶ የለም»፤ ወሬው አለቀ። ሕልም መተረክ ነው፤ ሰሚውም ከጨዋነት የተነሣ ነው የሚያዳምጠው።

የማውረጃው ቁልፍ ነገር የሚያሳስበኝም በዚሁ ምክንያት ነው። ደራሲው ጆ ዴቨር «ሎን ዉልፍ» የተባሉት ተከታታይ የጨዋታ መጻሕፍቱ በኢንተርኔት በነፃ እንዲቀርቡ እ.ኤ.አ. በ1999 ፈቀደ። ፕሮጀክት ኤኦን የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ አንቀጾቹን በሊንክ አያያዘ፤ የኅትመት ስህተቶችንም እየለቀመ አረመ። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ2016 አረፈ፤ መጻሕፍቱ ግን ዛሬም ይነበባሉ፣ ይወርዳሉ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ይከፈታሉ። ተራ ጽሑፍና ተራ ሊንክ ስለሆኑ ነው። በአንጻሩ በፍላሽ፣ በብሮውዘር ውስጥ ጨዋታና አኒሜሽን ያሳይ በነበረው ፕሮግራም፣ የተሠሩትን ጨዋታዎች አስታውሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ባለቤቱ ድጋፉን ሲያቋርጥ ስንቱ ሥራ በብሮውዘር አልከፈት አለ። በሰው ቤት የተቀመጠ ሥራ የባለቤቱን ጠባይ ይጠብቃል። የእኛ ባለቤት ጠባዩን አሳይቶናል።

ማሽን በዚህ ሙያ ውስጥ ጭራሽ ቦታ የለውም እያልኩ አይደለም። ፊደል ያርም። የትኛው አንቀጽ ማንም የማይደርስበት ወላጅ አልባ ሆኖ እንደቀረ፣ የትኛውስ መውጫ እንደሌለው ይፈልግ፤ ለነገሩ ይህን አንድ ትንሽ ፕሮግራም ያለ ምንም አስተውሎት ይሠራዋል። ከዚያ ወዲያ አያስፈልገኝም። «ደራሲው ጊዜ ይቆጥባል» የሚሉኝ ሰዎች ጊዜዬን ለምን እንደማጠፋው አልገባቸውም። ጉድጓዱ ውስጥ ምን ላስቀምጥ እያልኩ የማጠፋው ጊዜ ነው እኮ ሥራው።

ስለዚህ ማዘጋጃውን ዝጉት፣ አዲሱን አገልግሎታችሁንም በፈለጋችሁት ስም ጥሩት። የማውረጃውን ቁልፍ ግን መልሱ፤ ለጥቂት ወራት ብቻ እንኳ ቢሆን፣ በማንኛውም ቅርጽ፣ ተራ ጽሑፍም ይሁን። እምቢ ካሉ፣ እዚያ ሥራ ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ አንቀጾቻችሁን አንድ በአንድ ገልብጡ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ምርጫዎቹንና የሚያደርሱበትን አንቀጽ ጻፉ፤ የምትቆጥሯቸውን ነገሮች፣ ቁልፉን፣ ወርቁን፣ የተሰበረውን ቃል ኪዳን፣ ለየብቻ መዝግቡ። ትዋይን ውስጥ መልሶ ማያያዙ አሰልቺ ነው፤ ግን ይቻላል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያ ሁሉ ገጽ ማስታወቂያ ስለ ነፃነት ሲሰብክ፣ ለዓመታት እዚያ ያስቀመጥናቸውን አንቀጾች አዲሱን ማሽን ለማሠልጠን ተጠቅመውባቸው እንደሆነ፣ ወይም ሊጠቀሙባቸው እንደሆነ፣ አንድም መስመር አልጻፈም። ማውረጃው የተነሣው ከማዘጋጃው መዘጋት በፊት ነው። ለምን?