ጋልቨስተን ከማዕበሉ በኋላ
ስለ ጋልቨስተን ያነበብኩት ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ይህች በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ያለች የባሕር ዳር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1900 ቢያንስ 6,000 ሰዎችን ከቀጠፈው አውሎ ነፋስ ያገገመችው በነዋሪዎቿ ብርታት ነው ማለታቸው ትክክል ነው፤ ሆኖም ያ ብርታት በምን ሥራ እንደተገለጠ ሊዘረዘር ይገባ ነበር። ከአደጋው በኋላ ማዕበልን ለመግታት የተሠራው 17 ጫማ ከፍታ ያለው የባሕር ግንብ ብቻውን ስላልበቃ፣ ከ2,000 የሚበልጡ ሕንፃዎችን በእጅ በሚዞር ክሪክ ከመሠረታቸው አንሥተው፣ ከባሕር ወለል የተዛቀ አሸዋ ከውኃ ጋር በቧንቧ ከሥራቸው እየሞሉ፣ የከተማዋን መሬት ራሱን ከፍ አደረጉት። ቤቱን ለማንሣት የሚጠይቀውን ወጪ የሚሸፍነው ባለቤቱ ነበር፤ ይህም ጥቂት የሚነገርለት፣ በእኔ እምነት ግን ከግንቡ የማያንስ ገድል ነው። ሥራው ዓመታት ሲፈጅ ሕዝቡ በጭቃው ላይ በተዘረጋ የእንጨት መተላለፊያ እየተመላለሰ ኑሮውን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1915 ሌላ ብርቱ ማዕበል ሲመጣ በከተማዋ የደረሰው የሰው ሕይወት መጥፋት ከቀድሞው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።