ስለ ስደት የተሠራውን ሥዕል የተሰዳጁ እናት የት ትየው?

ስደተኛ ሠዓሊዎቻችን ሥራቸውን በትልልቅ ሙዚየም ሲያሳዩ ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን አንጀቴን የሚበላኝ ነገር አለ፤ ዛሬ ልተንፍሰው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ዋሽንግተን ያለው የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም የእነ እስክንድር ቦጎሲያንን፣ የእነ ከበደች ተክለአብን ሥራ ሰብስቦ አቀረበ። ከበደች አሥር ዓመት ገደማ ሶማሊያ ታስራ የቆየች ሰው ናት። በ2021 ደግሞ ኒውዮርክ የሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም፣ አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ የተሰደደችውን የጁሊ ምህረቱን የብዙ ዓመት ሥራ ለወራት አሳየ። ጁሊ እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አሳይታ ነበር፤ ተመስገን። ከደሴ አዲስ አበባ ግን 400 ኪሎ ሜትር ነው። የአውቶቡሱ ዋጋ፣ የመንገዱ ስጋት ተደምሮ ሥዕል ለማየት ብሎ የሚሄድ ማን አለ?

ልጆቹ የሚሰደዱት ግን ከዚህ ከእኛ ከወሎ ነው! ከባቲ፣ ከሐርቡ፣ ከሐይቅ፣ ከቆቦ። በአፋሯ ሎጊያ አድርገው ጅቡቲ፣ ከዚያ ካለው ከኦቦክ ወደብ በጀልባ የመን፣ ከዚያ በእግር የሳዑዲ ድንበር። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ስትመልስ ስንቱ የወሎ ቤት ልጁን ተቀበለ፣ ስንቱስ በር በሩን እያየ ቀረ።

«በስልክ እዩት» የሚሉ አሉ። ሳንፍራንሲስኮ የተሰቀሉት ሁለቱ የጁሊ ሥዕሎች እያንዳንዳቸው ከፍታቸው 8 ሜትር፣ ወርዳቸው ወደ 10 ሜትር ነው። ቀርበህ ስታይ ጥቃቅኑ መስመር እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል፤ ወደ ኋላ ስትል ሰማይ ምድሩ ይናወጣል። መዳፍ በምታህል ስልክ ይህ ምኑ ይታያል? ኢንስታሌሽን፣ ማለትም ዕቃ በቦታ ላይ ተደርድሮ ወይም ተንጠልጥሎ የሚሠራ ጥበብ፣ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዕቃው መሐል ገብተህ ካልዞርክ፣ ጥላው ካላረፈብህ አላየኸውም።

ሰፈራችን አንድ ልጅ አለ። ሳዑዲ እስር ቤት ከርሞ የተመለሰ። በእስክሪብቶ ይስላል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ተጠጋግቶ እንደሚተኛ፣ የጀልባው ወለል ላይ እግር ከእግር እንዴት እንደሚቆላለፍ። ባዶ ጄሪካንና የተበጣጠሰ ነጠላ ጫማ ሰብስቦ በሲባጎ ከጣሪያ ላይ ያንጠለጥላል፤ ሥሩ ስታልፍ ጎንበስ ማለት ግድ ነው። እናቱ አንዴ ገብታ አይታ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ምን እንዳየ አልነገራትም ነበር።

ይህን ልጅ ይዤ አዳራሽ ፍለጋ ወጣሁ። አንዱ ቢሮ «ንግድ ፈቃድ አለው?» አለ። ምን ይሸጣል ብለው ነው! ሌላው «በማኅበር ተደራጁና ደብዳቤ አምጡ»። ሦስተኛው ጋ ያሉት ሰውዬ ጄሪካኑን በፎቶ አይተው «ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ሕዝቡ አይገባውም» አሉ። አዳራሹ ለባዛር ሲሆን ግን ወዲያው ይከፈታል፤ ጫማና ብርድ ልብስ በድምፅ ማጉያ ሲቸበቸብ ይሰነብታል።

የወሎ ሕዝብ ነው ሥዕል የማይገባው? ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሥዕል ያጌጠ ወንጌል ያስቀመጠ፣ ላሊበላን የፈለፈለ፣ ባቲንና አምባሰልን ለዜማ የሰጠ አገር እኮ ነው። ይልቅ ያቺ የባቲ እናት ኒውዮርክ ካለው ጎብኚ ሁሉ ቀድማ ይገባታል። ጄሪካኑን ውሃ ሞልታ ያሸከመችው እሷ ናታ!

ደሴ ሙዚየም፣ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረው፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፏል፤ ቁስሉ ይገባኛል፣ ቅርስ ማስመለስ ይቅደም። ግን ይህ ዘመን ራሱ ቅርስ እየሠራ ነው። የልጁ ወረቀቶች አልጋ ሥር ተደራርበዋል፤ ክረምት እየመጣ ነው፤ ቤታቸው ያፈሳል።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ ላይ ለሁለት ሳምንት ግድግዳና ጣሪያ የሚያውሰን ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ ባዶ መጋዘን ያለው ሰው ካለ በአላህ፣ በእመቤቴ፣ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ምስማሩንና ሲባጎውን እኛ እንችላለን። የእናቶቹን መጓጓዣም ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን እንሸፍናለን።