ደጋፊ አያሳጣን

ባለፈው ማክሰኞ ወረዳችን ተደገፈ። እኔም ዕድለኛ ሆኜ ሲደገፍ በዓይኔ አየሁ።

የሄድኩት መታወቂያ ላሳድስ ነበር። ከአያት ወዲያ፣ አስፋልቱ ደክሞት ኮረኮንች ላይ ቁጭ በሚልበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ቀበሌ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። (ወረዳ ነው የሚባለው፤ ግን በ1967 አፋችን የለመደውን ማን ያስጥለን?) ፋይዳዬን ይዤ፣ አሮጌውን መታወቂያ ይዤ፣ ጉርድ ፎቶ ይዤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተሰለፍኩ። 3 ሰዓት ሲል ጥበቃው በሩን ገርበብ አድርጎ ብቅ አለ።

«ዛሬ አገልግሎት የለም። ከማዕከል ለድጋፍ መጥተዋል።»

«ምኑን ሊደግፉ ነው ልጄ?» አሉ ከኋላዬ የነበሩ እናት።

«አገልግሎት አሰጣጡን ነዋ!»

አንዳንድ አላዋቂዎች አጉረመረሙ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። አገልግሎትን ለማሻሻል መጀመሪያ አገልግሎቱን ማቆም ያስፈልጋል። እየሄደ ያለ መኪና ጎማ ሲቀየርለት ያየ ሰው አለ?

ደግሞስ ይህን የመሰለ ፍቅር የት ይገኛል! አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አሏት፤ በየክፍለ ከተማው ወረዳዎች አሉ። ማዕከሉ ክፍለ ከተማውን ይደግፋል፣ ክፍለ ከተማው ወረዳውን ይደግፋል፣ አንዳንዴም ማዕከሉ ልቡ አልችል ሲለው ክፍለ ከተማውን ዘሎ በደብል ጋቢና እኛ ዘንድ ድረስ ይወርዳል። ባለፈው ወር የመጡት «ድጋፍና ክትትል» ነበሩ። ከዚያ በፊት የመጡት «ሱፐርቪዥን»። የማክሰኞዎቹ «የተቀናጀ ድጋፍ» ናቸው፤ ልዩነቱ የባነሩ ቀለም ነው። ድጋፍ እንደ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል። ውሃ ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ እሱማ ቤታችን ካየነው 9 ቀናችን። ፈረቃችን ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት ነበር፣ ሐሙስም መጣ ሌሊቱም መጣ። ለገዳዲ ጎረቤታችን ነው፤ ከ50 ዓመት በላይ አዲስ አበባን ሲያጠጣ የኖረ ግድብ። ውሃው በአጠገባችን ሲያልፍ ሰላምታ እንኳ አይሰጠንም።

ከድጋፉ ፍሬዎች ሁሉ ልቤን የሚያሞቀው ግን ሳጥኑ ነው። ታሪኩን የነገረኝ እዚያው የሚሠራ ጎረቤቴ ነው፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ደጋፊዎች ቼክሊስታቸው ላይ «የአስተያየት መስጫ ሳጥን፦ አለ/የለም» የሚል ነበረ። የለም። ግብረ መልስ ተሰጠ፣ ሳጥን ተሠራ፣ ቢጫ ተቀባ፣ በሩ አጠገብ ተሰቀለ። በሁለተኛው ዙር ሳጥኑ አለ፣ ቁልፍ ግን የለውም። «የአስተያየት ሰጪው ምስጢር አይጠበቅም» ተባለ። ቁልፍ ይገዛ። ለአንዲት ጓጉንቸር ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። በሦስተኛው ዙር ጓጉንቸሩ አለ፣ መክፈቻው ማን ጋ ነው? ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ መክፈቻውን ሰብሳቢው ኪሳቸው ከተቱት። ሰብሳቢው በሁለተኛው ወር ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ፤ ከነመክፈቻው።

በአራተኛው ዙር ሳጥኑ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ «ለሁሉም ተደራሽ አይደለም» ተባለ። እውነት ነው፣ ዝቅ ተደረገ። ዝቅ ሲል ከእናቶቻቸው ጋር ወረፋ የሚውሉ ሕፃናት የከረሜላ ልጣጭና የማስቲካ ወረቀት ሞሉበት። በአምስተኛው ዙር ደጋፊዎቹ በቀዳዳው አጮልቀው አዩ፤ ሙሉ ነው። «የኅብረተሰቡ ተሳትፎ ከፍተኛ ነው» ተብሎ ተጻፈ። ይህን የሰማ ሌላ ወረዳ በሁለት ሚኒባስ ተጭኖ ለልምድ ልውውጥ መጣ። ሳጥኑን ከበው ፎቶ ተነሱ። አንዱ በጣቱ ያመለክታል፣ ሌሎቹ ማስታወሻ ይይዛሉ። ሳጥንን በማስታወሻ እንዴት እንደሚይዙት አላውቅም፣ «አራት ማዕዘን ነው» ብለው ይሆን? ማታውኑ «ተሞክሮው ተቀምሮ ይስፋፋል» የሚል ወሬ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ማክሰኞ ጠዋት የፅዳት ሠራተኛዋ እንደ ታቦት በንጹሕ ጨርቅ ስትወለውለው አየኋት። እስካሁን አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም።

ሕገ መንግሥቱ በ1987 ሲጸድቅ አንቀጽ 50 ላይ ክልሎች ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጡ ደንግጓል፤ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ። ከተማችን ክልል ባትሆንም በልግስና አትታማም። ሥልጣኑ እኛ ጋ ወርዷል። መክፈቻው ብቻ ነው ያልወረደው።

ከእኔ ሦስት ሰው ቀድማ የተሰለፈች ሴት ነበረች። የአምስት ወር ልጅ ታቅፋለች፣ የልደት ሰርተፊኬት ፈልጋ ነው። ሦስተኛ ቀኗ። መጀመሪያ ሲስተም የለም ተባለች፣ ቀጥሎ ሥልጠና ላይ ናቸው ተባለች፣ ማክሰኞ ድጋፍ መጣባት። ጉልት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት አንድ ቀን ከገበያ ስትቀር የቀረባት ያ ቀን አይደለም፣ እራቷ ነው። ለደጋፊዎቹ ቀን አበል ታስቦለታል፤ የእሷ ሦስት ቀን የታሰበው የት መዝገብ ላይ ነው? የፈለገችው አንድ ወረቀትና አንድ ማኅተም ነው። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ አለ። ማኅተሙን የሚመታው ልጅ ግድግዳው ወዲያ አዳራሽ ተቀምጦ ስለ ተገልጋይ እርካታ ማስታወሻ እየጻፈ ነው። ይህን የአቅም ማነስ አትበሉኝ። የበጀት እጥረትም አይደለም። ንቀት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

5 ሰዓት ገደማ ጥበቃው እንደገና ወጣና ሰልፉን ቃኘ። «የኅብረተሰብ ተወካይ ሦስት ሰው ይፈለጋል። ጋሼ፣ እርስዎ ኮት ለብሰዋል፣ ይግቡ።»

ገባሁ። በኮቴ ተመርጬ ሕዝብን ወከልኩ። አዳራሹ ውስጥ ባነር ተዘርግቷል፣ ጠረጴዛው ላይ ቆሎ በሰሃን በሰሃን፣ ከየሰሃኑ አጠገብ የታሸገ ውሃ። ግድግዳው ላይ በሚበራው ጽሑፍ «ያጋጠሙ ችግሮች» ከሚለው ሥር በተራ ቁጥር 1 «የተገልጋይ መብዛት» ይላል። ዞር ብዬ አብረውኝ የገቡትን ሁለቱን ችግሮች አየኋቸው፤ ቆሎ እየዘገኑ ነው።

«እስቲ የኅብረተሰቡ ተወካይ፣ አገልግሎት አሰጣጣችንን እንዴት ያዩታል?» አሉኝ መድረኩን የያዙት። ተነሳሁ። ስለ ሴትዮዋ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ካሜራው ብልጭ አለ። «በጣም እናመሰግናለን፣ ጊዜ ስላጠረን ወደ ቀጣዩ እንለፍ!» ተጨበጨበ። ስም መመዝገቢያ ዞረ፣ ፈረምኩ። መታወቂያዬን ጠየቅኩ፤ «ሐሙስ ይምጡ ጋሼ» አለኝ ልጁ በትሕትና።

ማታ ልጄ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች። አፌን ከፍቼ እታያለሁ፤ ከሥሬ «የኅብረተሰብ ተወካዮች ለተደረገላቸው ድጋፍ ምስጋናቸውን አቀረቡ» ይላል።

ምን ላድርግ፣ ባዶ እጄን አልገባሁም። ያልተከፈተችውን የግማሽ ሊትር ውሃ በኮቴ ኪስ ይዤ ወጥቼ ነበር። ባለቤቴ ተቀበለችኝና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየቻት፣ «ከየት አመጣኸው?» ሳትለኝ ጀበናው ውስጥ ገለበጠችው። አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን። ለበረካ አልበቃችም።