ከዮርክ «ባር» እስከ ሐረር «በሪ»

በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው ዮርክ የቅጥሩን በር «ባር» ይሉታል። በጁገል፣ በቅጥር በተከበበችው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ደግሞ «በሪ» ይባላል። ቃላቱ በድምፅ ቢመሳሰሉም አይዛመዱም፤ የእንግሊዙ ከበር መወርወሪያ የመጣ ነው፣ የሐረሪው ግን የአማርኛችን «በር» የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም ከተሞች በመካከለኛው ዘመን በድንጋይ የታጠሩ ናቸው። የዮርክ ቅጥር 3.4 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ የጁገልም ከዚያ ብዙ አይለይም።

እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ሁለቱንም የማየት ዕድል አላቸው፤ አንዱን በትምህርት ቤት ዕረፍት፣ ሌላውን አገር ቤት ሲገቡ። የሚያሳዝነው አጎበኛኘታቸው ነው። ዮርክ ላይ ልጆቹን ይዞ ሙሉ ቀን በእግሩ የሚውለው ቤተሰብ ሐረር ሲደርስ በባጃጅ አንድ ዙር ዞሮ፣ ማታ ጅብ ሲበላ አይቶ፣ በዚያው ሌሊት ወደ ድሬዳዋ ይመለሳል። ሐረርን አየሁ ይላል፤ ያየው ግን ዋናውን ጎዳና ነው። ጁገል ዮርክ ከሚሰጣት ጊዜ ቢበልጥ እንጂ ያነሰ አይገባትም።

ከዮርክ እንጀምር። ከለንደን ኪንግስ ክሮስ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከሊድስ፣ ልዑል ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1879 ካረፈባት ከተማ፣ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከጣቢያው ሲወጡ ቅጥሩ ፊት ለፊት ነው፤ ታክሲ አያስፈልግም። መኪና ይዞ መሄድ አይመከርም፤ የመሃሉ ጎዳናዎች ቀን ቀን ለእግረኛ ብቻ ስለሆኑ መኪናውን ከከተማው ዳር አቁሞ በአውቶቡስ መግባት ይቀላል።

የተቀጠረችን ከተማ ከመሃል መጀመር ስህተት ነው። መጀመሪያ ዙሪያዋን ማየት ነው፤ ዙሪያዋን ያላየ ሰው ውስጧ ሲገባ አቅጣጫው ይጠፋዋል። ዮርክ ላይ የሚኬደው ቅጥሩ ላይ ነው፣ ክፍያም የለውም። በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 8፣ በእኛ 2 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ሲመሽ ይዘጋል። በታኅሣሥና በጥር ጨለማው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስለሚወርድ ከምሳ በኋላ የጀመረ ሰው ሳይጨርስ ሊዘጋበት ይችላል። በረዶ ሠርቶ የሚያዳልጥ ከሆነ ጭራሽ አይከፈትም።

ሙሉው ዙር ሳይቸኩሉ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጊዜ ያጠረው ከቡዘም ባር እስከ ሞንክ ባር ያለውን ብቻ ይሂድ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ትልቁን ካቴድራል ሚንስተርን ከጀርባው በኩል ከነአትክልቱ ስለሚያሳይ ከቅጥሩ ሁሉ የተዋበው ክፍል ይኼው ነው።

ወደ ከተማው በኩል ያለው የቅጥሩ ጠርዝ በብዙ ቦታ መከለያ የለውም። ትንሽ ልጅ የያዘ ሰው እጁን እንዳይለቅ። ወደ ላይ የሚያወጡት ደረጃዎች ጠባብና ቀጥ ያሉ ስለሆኑ የሕፃን ጋሪ አይሆንም፤ ሕፃኑን ማዘል ነው የሚሻለው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ደግሞ ከሞንክ ባር ቀጥሎ ነው። ሌየርቶርፕ የሚባለው ሰፈር ላይ ቅጥሩ ድንገት ያልቃል። መንገድ የሳቱ መስሏቸው የሚመለሱ አሉ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ የእንግሊዝ ንጉሥ የነበረው ድል አድራጊው ዊልያም በ11ኛው ክፍለ ዘመን ፎስ የተባለውን ወንዝ አስገድቦ ሰፊ ኩሬ አደረገው። ጠላት ረግረጉን መሻገር ስለማይችል በዚያ በኩል ድንጋይ መካብ አላስፈለገም። ኩሬው ዛሬ የለም፤ በቦታው የመኪና መንገድ አለ። በመንገዱ ዳር ቀጥ ብሎ ከጡብ እስከተሠራው ቀይ ግንብ ድረስ መሄድ ነው፤ ቅጥሩ ከዚያ እንደገና ይቀጥላል። ቀጥሎ የሚመጣው ዋልምጌት ባር ሊታለፍ አይገባም። ከአራቱ ዋና በሮች ከፊቱ የተሠራው የመከላከያ መተላለፊያ እስካሁን የቆመለት እርሱ ብቻ ነው።

የሌሎቹ የት ሄደ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1800 የከተማው ምክር ቤት ቅጥሩን በሙሉ ለማፍረስ ተነስቶ ነበር፤ ጠባብ ነው፣ ጥገናው ወጪ ነው ብሎ። ያዳነው የሕዝብ ጩኸት ነው፤ ከጯኺዎቹ አንዱ የዚያው ከተማ ልጅ ሠዓሊው ዊልያም ኤቲ ነበር። እንግሊዞች ቅርሳቸውን ሁልጊዜ የጠበቁ የሚመስለን ሰዎች ይህን ልናውቅ ይገባል። አፍርሰዋልም፣ ተጸጽተዋልም።

አንድ ነገር ደግሞ ካርታ ለሚያነብ፦ በዮርክ «ጌት» ማለት በር አይደለም። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ866 ከያዙት ቫይኪንጎች ቋንቋ የቀረ ነው፣ ትርጉሙ ጎዳና ነው። ስቶንጌት ጎዳና ነው፣ በሩ «ባር» ነው።

ውስጡን በአስጎብኚ ማየት ከተፈለገ ኤግዚቢሽን ስኩዌር ከተባለው አደባባይ የሚነሱ በጎ ፈቃደኞች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የሚሠራ የነዋሪዎች ማኅበር ነው። ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ያስጎበኛሉ፣ ገንዘብ አይጠይቁም፣ ጉርሻ ቢሰጣቸውም አይቀበሉም። በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች «ነጻ ጉብኝት» ሲባል መጨረሻ ላይ ባርኔጣ ይዘረጋል፤ እዚህ ግን ነጻ ማለት ነጻ ነው። ከሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ መገኘትና ዝናብ የሚችል ልብስ መልበስ ብቻ ይበቃል።

ባለፎቁ አውቶቡስ መራመድ ለማይችሉ አረጋውያን ይጠቅማል፤ እግረኛ መንገዶቹ ውስጥ ስለማይገባ ግን የሚያሳየው ከዳር ዳር ነው። በኡዝ ወንዝ ላይ የምትሄደው ጀልባ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ትወስዳለች፤ ለደከመ እግር ጥሩ ዕረፍት ነው። ወንዙ ሞልቶ ከዳር ሲፈስ ግን ጀልባውም የወንዙ ዳር መንገድም ይቋረጣል፤ ይህ በብርዱ ወራት ብርቅ አይደለም። የሚንስተር ማማ 275 ደረጃ አለው፤ ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንዲወጡ አይፈቀድም። ይህን ሳያውቁ ከፍለው ከልጃቸው ጋር በሩ ላይ የሚቆሙ ወላጆች አሉ።

ሻምብልስ የተባለችው ቀጭን ጎዳና የሁሉም መዳረሻ ናት። የሥጋ ሻጮች መንደር ነበረች። የፎቆቹ የላይኛው ወለል ወደ መንገዱ ተገፍቶ ሊነካካ ምንም አይቀረው፤ ሥጋ የሚሰቀልበት መንጠቆና የሚዘረጋበት ሰፊ መደብ ዛሬም ከመስኮቶቹ በታች ይታያል። ሥጋው ግን የለም። የሚሸጠው ከረሜላና ማስታወሻ ዕቃ ነው። እኩለ ቀን ላይ መቆሚያ ስለማይገኝ ሱቆቹ ሳይከፈቱ በጠዋት መድረስ ነው።

ሐረር ላይ ያ ሥጋ አለ። ጊድር መጋላ በተባለው ገበያ ሥጋው ይሸጣል፣ ጭላቶች ከላይ እያንዣበቡ ቁራሽ ይነጥቃሉ። ዮርክ በመንጠቆ ብቻ የምታስታውሰው ሕይወት እዚህ ይኖራል፤ ባለቤቱ ዕለት ዕለት ስለሚሠራበት እንጂ ለጎብኚ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም። የጁገል ትልቁ ሀብት ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመዘግባት የቆጠራቸው 82 መስጊዶችም አብዛኛዎቹ የጸሎት ቤቶች እንጂ ሙዚየሞች አይደሉም።

መንገዱ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በሚኒባስ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ነው። ማደሪያን ድሬዳዋ ማድረግ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሐረር የምትታየው በማለዳና በምሽት ነው። እኩለ ቀን ፀሐዩ ይበረታል፤ ከምሳ በኋላ ብዙ ሰው ጫት ይዞ ስለሚቀመጥ መንገዱ ይቀዘቅዛል። ዓርብ ደግሞ በጁምዓ ሰዓት ሱቆች ይዘጋሉ። ድሬዳዋ ያደረ ሰው የሚደርሰው ልክ በዚያ ሙት ሰዓት ነው። በጁገል ውስጥ በባህላዊ የሐረሪ ቤት የሚያሳድሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ሁለት ሌሊት እዚያ ማደር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ስላለች ማታ ሹራብ ያስፈልጋል።

የጁገል ቅጥር ላይ አይወጣም። ከፍታው 4 ሜትር ገደማ ነው፤ የሚኬደው ከሥሩ፣ በውጭ በኩል ነው። በአንዳንድ ቦታ ቤትና ገበያ ስለሚጠጋው ዞር ብሎ ማለፍ ይኖራል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከምዕራቡ ሸዋ በር ቢጀመር፣ ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል፣ በቀኝ ቅጥሩን ይዞ በስተሰሜን ወደ ፈላና በር ወይም አሱም በሪ፣ ከዚያ በምሥራቅ ወደ ኤረር በር ወይም አርጎብ በሪ፣ ቀጥሎ ወደ ሰንጋ በር ወይም ሱቁጣጥ በሪ፣ በመጨረሻ በደቡብ ወደ ቡዳ በር ወይም በድሮ በሪ ይደረሳል። ሁለቱንም ስም መያዝ ይጠቅማል፤ የባጃጅ ሹፌሩ በአንዱ፣ የሰፈሩ አዛውንት በሌላው ነውና የሚጠሩት። ኤረር በር ላይ በማለዳ ከገጠር የመጡ የኦሮሞ ሴቶች የሚያወርዱት ጫትና አትክልት ሲደርስ መገኘት ደግ ነው። በቅጥሩ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች ልብ ብሎ ማየት ነው፤ ማታ ጅብ እየገባ ቆሻሻውን የሚያጸዳባቸው ናቸው።

መኪና የሚገባው በኋላ በተከፈተው ሐረር በር ነው። ባጃጅም መሃል ላይ እስካለው አደባባይ፣ እስከ ፈረስ መጋላ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ባጃጅ አይረባም፤ መንገዱ ራሱ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍበት ቦታ አለ። አንዷን ቀጭን መተላለፊያ የአስታራቂ መንገድ ይሏታል፤ የተኳረፉ ሰዎች ሲገናኙባት ሳይነካኩና ሳይነጋገሩ ማለፍ ስለማይችሉ ነው። የልብስ ሰፊዎቹን ጎዳና «መኪና ግርግር»ን በጆሮ መከተል ይቻላል፤ ስሙ ራሱ የስፌት መኪናው ድምፅ ነው።

አስጎብኚ ግን ሐረር ላይ ከዮርክ የበለጠ ያስፈልጋል። በዮርክ ጽሑፉ ግድግዳው ላይ አለ፤ ጁገል ከውጭ የሚታየው ባዶ ግንብ ነው፣ ቁም ነገሩ ከግቢው በር ወዲያ ነው። ያንን በር የሚያስከፍተው ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ነው። መታወቂያ ካርድ ያለውን መርጦ፣ ከመነሳት በፊት ስለ ሦስት ነገር መስማማት ይገባል፦ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የሙዚየም መግቢያ በማን እንደሆነ፣ ለሚጎበኘው ቤት ባለቤት የሚሰጠው በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑን። ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ ከሦስተኛው ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ዋጋውን እንደ ሸቀጥ ሲከራከር ማየት ደስ አይልም። የዮርኩ በጎ ፈቃደኛ ጡረታ አለው፤ የሐረሩ አስጎብኚ እንጀራው ይህ ነው።

በሐረሪ ቤት ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሳሎኑ ነደባ የሚባሉ ደረጃ ደረጃ ያሉ አምስት መቀመጫዎች አሉት፤ እያንዳንዱ የማን እንደሆነ በዕድሜና በክብር የተለየ ነው። ባሉበት ቆሞ ባለቤቷ የምታሳየውን ቦታ መጠበቅ ነው፤ አሚር ነደባ የአባወራው ነው፣ እንግዳ ዘው ብሎ አይቀመጥበትም። ቤቱ ቀይ የሚቀባው እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ያለቁትን ለማስታወስ ነው የሚል ትውፊት አለ። አማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ይህን ሲሰማ ለመከራከር አይቸኩል፤ የቤቱ ባለቤቶች ሐዘን ነውና አዳምጦ ዝም ማለት ይገባዋል። ፎቶ ከፈቃድ በኋላ ነው፤ በገበያ ያሉ ሴቶችን ሳይጠይቁ ማንሳት ተገቢ አይደለም።

ሐረር ከዮርክ ልትወስደው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ቅጥሩን ተከትሎ የሚሄድ፣ ከቆሻሻ የጸዳ የእግር መንገድ ነው፤ በየበሩም በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ሰሌዳ። ይህ የአስጎብኚውን እንጀራ አይነካም፤ ዮርክ ውስጥም ቅጥሩ በነጻ እየታየ የሚከፈላቸው አስጎብኚዎች ሥራ አልፈቱም። የሁለቱን ከተሞች ቅጥር የዞሩ የእኛ ልጆች ለዚያ ሰሌዳ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ሊያዘጋጁ ይችላሉ።

የጅቡ ትርዒት ከቅጥሩ ውጭ ማታ 1 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። ልጆች እንዳይሮጡና ፍላሽ እንዳይበራ አስቀድሞ መንገር ነው። በሙስሊሞቹ የአሹራ በዓል ላይ የሚደርስ ሰው ደግሞ ለጅቦቹ ገንፎ ሲቀርብላቸው ያያል።