እርማት፦ አዲስ ካንዴላ «እስኪለምድ» አይጠበቅም

ወንድሜ፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ቀይሮ ሞተሩ ሚስ ለሚያደርግበት (አንዱ ሲሊንደር ሳይቀጣጠል እየቀረ ለሚንቀጠቀጥበት) የድሬ ልጅ «አዲስ ስለሆነ ነው፤ የደንገጎን ዳገት አንዴ ውጣበት፣ ይለምዳል» ብለህ መልሰህለታል። ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ልክ አይደለም። ካንዴላ የሚለምደው ነገር የለም። ደህና ከሆነ ከመጀመሪያው እሳት ጀምሮ ይሠራል።

ችግሩ የመጣው ከቅያሬው በኋላ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚታየው የተነካካው ነው። ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው የኮይሉ ሶኬት «ቀጭ» ብሎ ገብቷል? ባለ ገመድ ከሆነ ገመዶቹ ቦታ ተለዋውጠው ይሆን? ከዚያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ነጩን ሸክላ ማየት ነው። ሲታሰር የመፍቻ ቁልፉ ካጋደለ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትፈጠራለች፤ እሳቱ በእሷ ያመልጣል። እሳቱ የሚዘልበት የጫፉም ክፍተት ይለካ። ከካርቶን ስለወጣ ብቻ ለዚያ ሞተር ልክ ነው ማለት አይደለም። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የተጠረጠረውን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይረው። ሚሱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ተገኘ።

የደንገጎው ምክር ግን በጣም ያሳስበኛል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ይነድና ካታሊስቱን (የጭሱን ማጣሪያ) ሊያቀልጠው ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም ካለማ እንኳን ያንን ዳገት፣ እዚያው ድሬ ውስጥ ከከዚራ ሳቢያን ድረስም አይንዳው።