ያላነበብነውን አጸደቅን

ወገኖቼ፣ የጎጃም መምህራን! ተማሪን "ጥያቄውን ሳታነብ አትመልስ" ብለን የምንቆጣ እኛ ያላነበብነውን ውል አጸደቅን። ነገሩን በሆዴ ልያዘው ብዬ ነበር፤ አልቻልሁም።

የሆነው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። የሠራተኛ ማኅበሩ መሪዎች በኅብረት ስምምነቱ፣ ማለትም የሁላችንንም ደመወዝና የሥራ ሁኔታ በሚወስነው ውል፣ ከአሠሪው ጋር ለወራት ሲደራደሩ ከረሙ፤ ምን እንደ ጠየቁና ምን እንደ ተዉ ግን አንድም ቀን አልነገሩንም። አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ "የኅብረት ስምምነቱ ስለሚጸድቅ በዘጠኝ ሰዓት አዳራሽ ተገኙ" የሚል ወረቀት የመምህራን ማረፊያ ክፍል በር ላይ ተለጠፈ። ስንገባ የተሰብሳቢዎች ስም ዝርዝር በር ላይ ይጠብቀን ነበር፤ እየፈረምን አለፍን። መድረኩ ላይ ከማኅበሩ ሊቀ መንበርና ከጸሐፊው ጎን ርእሰ መምህሩና የባለቤቱ ወኪል ተቀምጠዋል። ሠራተኛው ድምፅ በሚሰጥበት ስብሰባ አሠሪው ምን ይሠራል? ማንም አልጠየቀም።

ሊቀ መንበሩ የደመወዝ ጭማሪውን አነበበልን፤ አጨበጨብን። የቀረውን "ዝርዝር ነው፤ ጊዜ ይፈጃል" ብሎ ገጾቹን ገለበጣቸው። ያን ጊዜ የአካባቢ ሳይንስ የምታስተምር አንዲት ባልደረባችን ተነሥታ፣ "የክረምቱ ደመወዝ እንዴት ሆነ? አንቀጹ ይነበብልን፤ ካልሆነም ቅጂው ይሰጠንና ሰኞ ድምፅ እንስጥ" አለች። በፍጹም ጨዋነት ነው የተናገረችው። "እኛን አታምኚንም ማለት ነው?" አላት ሊቀ መንበሩ። ርእሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ። ከወደ ኋላ አንድ መምህር "እባክሽ አታቆዪን፤ ተቀመጪ" አለ፤ ሌሎችም ተቀበሉት። ተቀመጠች። "የምትደግፉ" ሲባል የሌላው እጅ ሁሉ ወጣ። "የሚቃወም" ሲባል እርሷ ብቻ አወጣች። የቆጠረ ሰው አልነበረም፤ "በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል" ተባለ፤ ወደየቤታችን ተበተንን።

ቅጂውን በኋላ ስናገኘው የክረምቱ የሁለት ወር ደመወዝ "እንደ ትምህርት ቤቱ አቅም እየታየ" ይከፈላል ይላል። መጨረሻው ላይ ያ በር ላይ የፈረምንበት የስም ዝርዝር "ስምምነቱን ያጸደቁ አባላት" የሚል ርእስ ተሰጥቶት ተያይዟል። የእርሷም ስም ከነፊርማው እዚያው አለ። ብቻዋን የተቃወመች ሴት ደጋፊ ሆና ተመዘገበች! ይህን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ሐምሌ ላይ ደመወዝ አልገባም። ልጆቿን ይዛ ሞጣ እናቷ ዘንድ ሄደች፤ መስከረም ሲጠባም አልተመለሰች። ስሟን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ፊርማውን ያዛወሩት መሪዎቹ ናቸው። "ተቀመጪ" ያላት ድምፅ ግን ከመድረኩ አልመጣም፤ ከእኛው መካከል ወጣ። እኛ ነን ዝም ያሰኘናት። ይሉኝታው፣ የዓርብ ጥድፊያው፣ "መሪዎቹ ያውቃሉ" የሚለው ስንፍና ተባብረው አንዲት ሴት ላይ ተጫኑ። የእድር መዋጮ በጥቂት ብር ይጨመር ሲባል እሑድን ሙሉ ስንከራከር የምንውል፣ "ደንቡ ይነበብ" እያልን ጸሐፊውን የምናስጨንቅ ሰዎች አይደለንም? በ1960 ዓ.ም. የብቸና፣ የሞጣና የዳሞት ገበሬ ሳይመክርበት የመጣበትን የእርሻ ገቢ ግብር አልቀበልም ብሎ ጦር እስኪዘምትበት ድረስ ጸንቷል። እኛ ግን አንድ አንቀጽ ይነበብልን ማለት ከበደን።

በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በደመወዛቸው ተደራድረው የሚፈርሙት የኅብረት ስምምነት የላቸውም። በግል ትምህርት ቤት ያለነው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህ መብት አለን፤ በአንድ ከሰዓት ጣልነው። ያው አዋጅ አድማ ለመምታት እንኳን ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው የተገኙበት ስብሰባና የአብዛኛውን ድጋፍ ይጠይቃል። ስምምነቱ የሚጸድቅበትን መንገድ የሚወስነው ደግሞ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ ደንቡን የሚያወጣው ጠቅላላ ጉባኤው፣ ማለትም እኛ ነን። ረቂቁ ቢያንስ ከሳምንት በፊት በእያንዳንዱ አባል እጅ ይግባ ብለን መጻፍ እንችላለን። ድምፁ በምስጢር፣ በወረቀትና በሳጥን ይሁን፤ በድርድሩ ያልነበሩ ሰዎች በሁላችንም ፊት ይቁጠሩት፤ አሠሪው ከአዳራሹ ይውጣ። ስም ለመቆጣጠር የተፈረመ ፊርማ ለሌላ ነገር አይዋል። ይህን ሁሉ የሚከለክለን ሕግ የለም።

ብዙዎቻችሁ "እውነት ነው" ብላችሁ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ እንደምታልፉ አውቃለሁ፤ ይህም ያደክመኛል። ቢሆንም ሰሞኑን ሁለት ወጣት መምህራን የማኅበሩን ደንብ ቅጂ ጸሐፊውን ጠይቀዋል። "ለምን ፈለጋችሁት?" ቢላቸው "ልናነበው" አሉት። እስካሁን አልሰጣቸውም። ሰኞ በእረፍት ሰዓት እንደገና ሊጠይቁ ይሄዳሉ። እባካችሁ፣ አብራችኋቸው ሂዱ።