ፈቃዱ ተከፍሎ ቦታው የለም

የእንግሊዝ ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) የነዋሪ ፓርኪንግ ፈቃድ (መኪናህን ሰፈርህ መንገድ ላይ የምታቆምበት) ዋጋ በጨመሩ ቁጥር «ለትራፊኩ ብለን ነው» ይላሉ። እስቲ! የለንደኑ ባርኔት ዓመታዊውን ከ40 ወደ 100 ፓውንድ፣ የእንግዳ ኩፖኑን (አክስትህ ልትጠይቅህ ስትመጣ የምትቆርጥላትን) ከ1 ወደ 4 ፓውንድ ሲያንረው ያሰበው ሌላ የመንገድ ወጪ ሊሸፍንበት ነበር። በ2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የ1984ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ ገቢ መሰብሰቢያ እንዳልሆነ ገልጾ ሕገወጥ አለው።

ፈቃዱ ደግሞ ቦታ አያስይዝም፤ ማታ 2 ሰዓት ሰፈሩን ስትዞር ብታመሽ ገንዘብህን የሚመልስ የለም። የሚያበግነው ግን ይሄ ነው፦ ነባር ዋጋ ለመጨመር የ21 ቀን ማስታወቂያ ይበቃል፤ አዲስ የፓርኪንግ ዞን ሲከለል እንደሚደረገው ተቃውሞ የመቀበል ግዴታ የለም። ስብሰባ ላይ ከመጮህ በፊት በዚያው የ1984 ሕግ አንቀጽ 55 የሚያዘውን የፓርኪንግ ሒሳብ ጠይቁ፤ ትርፉ የት እንደገባ እዚያ ይታያል።